ብር መቼ ሙሉ ብር ይሆናል?

የመቶ ብር ኖት የማን እንደነበር አይናገርም። ከነጋዴ ኪስ ይውጣ፣ ከባሕታዊ ከረጢት ይውጣ፣ ወግዲ ገበያ ላይ ጤፍ የሚሰፍር ገበሬ ተቀብሎ ያገላብጠዋል፤ ደህና ብር መሆኑን ካየ ያስቀምጠዋል። ከየትኛው ባንክ ወጣ፣ በማን እጅ አለፈ ብሎ የሚመራመር የለም። የገንዘብ ትልቁ ጸጋ ይህ ይመስለኛል፤ ያለፈበትን አይሸከምም፣ የሚሄድበትንም አይመርጥም።

ስልክ ውስጥ የተቀመጠው መቶ ብር እንዲህ አይደለም። የቴሌብር መቶ ብር አለ፤ የኤም-ፔሳ መቶ ብር አለ፤ የሲቢኢ ብር መቶ ብር አለ። ሁሉም መቶ ብር ነው፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ከተቀመጠበት ቦርሳ ወጥቶ ሌላው ቦርሳ ውስጥ ለመግባት የሁለት ድርጅቶች ስምምነት ያስፈልገዋል። ተፎካካሪዎች አንዳቸው የሌላቸውን ሥርዓት ይቀበሉ ወይስ ይዝጉ ብለው በስብሰባ የሚወስኑት ነገር ብዙ ጊዜ የነጋዴዎች ጉዳይ ተደርጎ ይታያል። ነገሩ ገንዘብ ሲሆን ግን ውሳኔው የገንዘቡን ምንነት ይነካል። አንዱ ቦርሳ ሌላውን ካላወቀው፣ ውስጡ ያለው ብር የሚያገለግለው ግማሽ አገር ነው። ግማሽ አገር ብቻ የሚያውቀውን ብር ሙሉ ብር ለማለት እኔ ይከብደኛል።

ነገሩን ወደ እኛው አገር እናምጣው። ከደሴ በአቀስታ አድርገው መካነ ሰላም ከደረሱ በኋላ መንገዱ ወደ ወግዲ ይቀጥላል። ከወግዲ ወዲያ ምድሩ እየተቆረጠ ወደ ዓባይ ይወርዳል፤ ማዶው ጎጃም ነው። ከዚህ ደጋ ሰው ሲወጣ ኖሯል። አንዱ ለቀን ሥራ አዲስ አበባ ይገባል፤ አንዱ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ይወርዳል፤ እኅቲቱ ዓረብ አገር ትሄዳለች። የወጣው ሰው የሚልከው ብር ለማዳበሪያ፣ ለልጅ ደብተር፣ ለተዝካር ወይም ለሰደቃ፣ ለታመመ ሰው መድኃኒት ይውላል። ቀድሞ ይህ ብር በሰው እጅ ነበር የሚላከው፤ ወደ አገር ቤት የሚሄድ የታመነ ሰው እስኪገኝ ይጠበቃል፤ ሰውየው እስኪደርስም ልብ ይንጠለጠላል። ኋላ ባንክ መጣ፤ ባንኩ ግን ያለው ከተማ ነው። ከገጠር ቀበሌ ተነስቶ ብር ለማውጣት የሥራ ቀን ይቃጠላል፤ ተደርሶም «ሲስተም የለም» ሊባል ይችላል። ስልክ ላይ የሚገባ ብር ለእንዲህ ያለ አገር ቅንጦት አይደለም፤ የመንገዱን ርዝመት የሚቀንስ ነገር ነው።

አሁን አንድ ጎልማሳ እናስብ። አዲስ አበባ የግንባታ ሥራ ላይ ነው፤ ጓደኞቹ ስለያዙት በ07 የሚጀምር የሳፋሪኮም ቁጥር አውጥቷል፤ የሠራበትንም የሚቀበለው በኤም-ፔሳ ነው። እናቱ ወግዲ ናቸው፤ ቁጥራቸው በ09 የሚጀምር የኢትዮ ቴሌኮም ቁጥር፣ ቦርሳቸውም የእሱው ቴሌብር ነው። «እማ፣ እንዴት ዋልሽ?» ሲላቸው ድምፁ ሳይደናቀፍ ይደርሳል። ኤም-ፔሳ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በይፋ ሥራ ሲጀምር ግን ድምፁ በተሻገረበት መንገድ ብሩ ቀጥ ብሎ አልተሻገረም። ልጁ ብሩን ከወኪል ዘንድ በጥሬው አውጥቶ የቴሌብር ወኪል ፍለጋ መሄድ፣ ወይም በባንክ ሒሳብ አዙሮ መላክ ነበረበት። ሲያወጣ ይከፍላል፤ ሲልክ ይከፍላል፤ እናቱም ሲያወጡ ይከፍላሉ። ከብዙ ላብ የተገኘ ትንሽ ብር በየበሩ እየተቆነጠረ ይሄዳል።

ድምፁ ለምን ተሻገረ? ሕግ ስለነበረው ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148 ከዐፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ በአንድ ተቋም እጅ የኖረውን ቴሌኮም ለውድድር ሲከፍት፣ ኔትወርኮች እርስ በርስ እንዲገናኙ አስገደደ፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሆነ። ሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት 850 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ በ2013 ዓ.ም. ፈቃድ አገኘ፤ መስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አገልግሎቱን አስጀመረ። ያን ጊዜ ከ07 ወደ 09 መደወል ይቻል ይሆን ብሎ የተጨነቀ ሰው አልነበረም። ተፎካካሪው የኢትዮ ቴሌኮምን ማማዎች እንኳ ተከራይቶ ነው ሥራ የጀመረው። ሁለቱ ድርጅቶች በድንገት ስለተዋደዱ የሆነ ነገር አይደለም። ሳይገናኙ መሥራት ያልተፈቀደ ስለሆነ ነው፤ ዋጋውንና አሠራሩን ተከራክረው ተስማሙ፤ ደዋዩም ክርክሩን ሳያውቀው ዋለ።

ገንዘቡ በሌላ መንገድ መጣ። በመጀመሪያው ጨረታ የሞባይል ገንዘብ ለውጭ ኩባንያ አልተፈቀደም ነበር። ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ተጀመረ፤ ኤም-ፔሳ ፈቃዱን ያገኘው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ሌላ 150 ሚሊዮን ዶላር ተከፍሎበት ነው። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ውስጥ ቴሌብር ተጠቃሚዎቹን በአሥር ሚሊዮኖች ቆጠረ፤ ዛሬ ከ50 ሚሊዮን በላይ ተመዝጋቢ አለው። በሩን ማን ይክፈት የሚለው ጥያቄ የተነሣው እንግዲህ አንዱ ወገን እጅግ ገዝፎ፣ ሌላው ገና በእግሩ ሳይቆም ነው።

ብር ሙሉ የሚሆነው ማን ሲቀበለው ነው የሚለው ነገር በእኛ አገር አዲስ ጥያቄ አይደለም። የአያት ቅድመ አያቶቻችን ገበያ የሚያውቀው ጠገራ ብርን ነበር፤ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ ምስልና 1780 የሚል ዓመት ያለበትን። ዐፄ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. የራሳቸው ምስል ያለበትን ብር በፓሪስ አሠርተው ሲያስመጡ የንጉሠ ነገሥቱ ሥልጣን ሁሉ ከኋላው ነበር። ባላገሩ ግን ጠገራውን አልተወም። በእጁ የለመደው፣ ማዶ ያለው ሰውም የሚቀበለው መሆኑን ያወቀው ጠገራውን ነው። የአቢሲንያ ባንክ ያወጣው የወረቀት ገንዘብም ከአዲስ አበባ ብዙ ርቆ መሄድ አልቻለም። ከጠገራው ጎን ለመመንዘሪያ የሚያገለግለው አሞሌ ጨው ነበር፤ ከጨው ምድሩ በተራቀ ቁጥር ዋጋው ይወደድ ነበር። በመላ አገሪቱ በአንድ ዋጋ የሚታወቅ፣ የሁሉም የሆነ ብር የመጣው ከጠላት ወረራ በኋላ በ1937 ዓ.ም. አዲሱ ገንዘብ ሲታወጅ ነው። ከዚያ በፊት ብር ይዞ ሩቅ መንገድ የሚሄድ ነጋዴ፣ የያዘው ሳንቲም በሚደርስበት ገበያ ምን ያህል እንደሚታመን አስቀድሞ መጠየቅ ነበረበት።

ከዚህ የምረዳው ገንዘብ ማለት የሌላ ሰው ፈቃደኝነት መሆኑን ነው። ምስል የሚያትመው ንጉሥ ወይም ቁጥር የሚጽፈው ኩባንያ ብቻውን አይፈጥረውም። ገንዘብ የሚሆነው የማላውቀው ሰው ይቀበለኛል ብዬ ስተማመን ነው። ስለዚህ የአንዱ ድርጅት ቦርሳ ውስጥ ያለ ብር ምን ያህል ብር እንደሆነ የሚወስነው በከፊል ተፎካካሪው ነው ማለት ነው። ይህ ለነጋዴ ድርጅት ደስ የማይል እውነት ነው፤ የራሱ ዕቃ ሙሉ የሚሆነው በባላንጣው በር ሲገባ ነውና።

ነገሩን ይበልጥ ግልጽ የሚያደርገው ደግሞ ከቦርሳዎቹ በስተኋላ ያለው አሠራር ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ባወጣው መመሪያ መሠረት የሞባይል ገንዘብ ድርጅት ከደንበኞቹ የሰበሰበውን ያህል ብር በባንክ ማስቀመጥ አለበት፤ ስልክ ላይ የሚታየው አንድ ብር ባንክ ውስጥ አንድ ብር አለው። እንግዲህ የቴሌብሩም የኤም-ፔሳውም ገንዘብ ከሥሩ ሲታይ ያው የብሔራዊ ባንክ ብር ነው። ባንኮቹም እርስ በርስ በብሔራዊ ባንክ በኩል ሒሳብ ያወራርዳሉ። ከታች አንድ የሆነው ብር ከላይ ተለያይቶ የሚታየው በሁለቱ መካከል በር ስለተበጀ ነው። የተዘጋው ነገር በተፈጥሮው የማይገናኝ ሆኖ አይደለም።

የትልቁን ወገን ነገር ግን በቅንነት ማየት ይገባል። ኢትዮ ቴሌኮም ትርፍ በማይገኝበት ደጋና ቆላ ማማ ተክሏል፤ ወኪል መልምሏል፤ ስልክ ብዙም የማያውቀውን ባላገር ሚስጥር ቁጥር ምን እንደሆነ አስተምሯል። አዲስ መጪ ተወዳዳሪ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ሰው በተሰበሰበበት ከተማ ነው። በሩ ወዲያው ቢከፈት ይህ ሁሉ የተዘራ ዘር ላልዘራው ይታጨዳል የሚል ክርክር አለ። የማጭበርበር ስጋትም አለ፤ የተሰረቀ ብር በአንድ ቦርሳ ውስጥ ሲዘዋወር ዱካውን መከተል ይቻላል፤ ሁለት ሦስት ድርጅት አቋርጦ ሲሄድ ግን ይጠፋል። ወግዲ ላይ ሆኖ ይህን ክርክር መናቅ አይቻልም። ማንም ባልመጣበት ጊዜ የመጣው ማን እንደነበር ባላገሩ ያውቃል።

ሆኖም ያ ማማ በማን ገንዘብ ተተከለ? ኢትዮ ቴሌኮም የመንግሥት ድርጅት ነው። ኔትወርኩ የተስፋፋው ዜድቲኢና ሁዋዌ በሠሩባቸው፣ ከቻይና በተገኘ ብድር በተከናወኑ ትላልቅ ውሎች ነው፤ ዕዳውም የሚከፈለው በእኔና በእርስዎ የካርድ ሒሳብ ነው። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ከድርጅቱ 10 በመቶው ድርሻ ለሕዝብ ሽያጭ ሲቀርብም ቀሪው የመንግሥት እንደሆነ ነው። ስለዚህ «እኛ ዘርተን ሌላው አይጨድም» የሚለው አነጋገር «እኛ» ማን እንደሆነ ይጠየቃል። ዘሪው ሕዝቡ ከሆነ፣ ለሕዝቡ የሚበጀው ብሩ ወደፈለገበት መሄዱ ነው። ለማማው ኪራይ እንደተከፈለ ሁሉ ለበሩም ተገቢው ዋጋ ይከፈል፤ ይህን አልቃወምም። ዋጋ መጠየቅና መዝጋት ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ከዚህ በላይ ያስተማረኝ የኬንያው ታሪክ ነው። ኤም-ፔሳ እዚያ እ.ኤ.አ. በ2007 በሳፋሪኮም ተጀምሮ በአጭር ጊዜ የአገሪቱ ዋና የገንዘብ መንገድ ሆነ። ለብዙ ዓመታት ከኤም-ፔሳ ለተፎካካሪው ለኤርቴል ደንበኛ የተላከ ገንዘብ እቦርሳው ውስጥ አይገባም ነበር፤ ተቀባዩ የሚስጥር ኮድ ይደርሰውና የኤም-ፔሳ ወኪል ዘንድ ሄዶ በጥሬው ያወጣ ነበር። ወኪሎች ለሌላ ድርጅት እንዳይሠሩ የሚከለክለው ውል የቀረው እ.ኤ.አ. በ2014 የውድድር ባለሥልጣኑ ጣልቃ ገብቶ ነው። ብር ከቦርሳ ወደ ቦርሳ በቀጥታ መሻገር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው፤ ኤም-ፔሳ በተወለደ በአሥራ አንድ ዓመቱ። ያኔ ናይሮቢ ላይ በር የዘጋው ወይም ለመክፈት የዘገየው ትልቅ ድርጅት፣ አዲስ አበባ ላይ ግን አዲስ መጪ ሆኖ በር ይከፈትልኝ የሚል ሆኗል። ኢትዮ ቴሌኮምም እንዲሁ ነው፤ ቴሌብር በ2013 ሲጀመር ገንዘቡ ያለው ባንኮች ዘንድ ስለነበር፣ ሒሳባቸውን ከቦርሳው ጋር እንዲያገናኙለት የባንኮችን በር ያንኳኳ እሱ ነበር። በታንዛኒያም ያው ነው፤ እነ ኤርቴልና ቲጎ እ.ኤ.አ. በ2014 ቦርሳዎቻቸውን ሲያገናኙ፣ የገበያው ትልቅ የነበረው ቮዳኮም የገባው ከሁለት ዓመት ያህል በኋላ ነው።

እዚህ ላይ ማንንም ለመክሰስ አልፈልግም። የምለው ነገር ከክስ የከበደ ነው። ለተፎካካሪ በር መክፈት የድርጅት ጠባይ አይደለም፤ የቆመበት ቦታ ነው። ትንሽ ሲሆን ግልጽነት መርሕ ይሆናል፤ ሲገዝፍ ደግሞ ጥንቃቄ መርሕ ይሆናል። ሁለቱንም ጊዜ የሚናገረው በእውነት እያመነ ሊሆን ይችላል። አንድ ድርጅት ጨዋ ስለሆነ በሩን ይከፍታል ብሎ የሚጠብቅ ሕዝብ እንግዲህ የሚጠብቀው ድርጅቱ እስኪያንስ ድረስ ነው።

በሌላው ዓለምም ከዚህ የተለየ ነገር አላየሁም። እ.ኤ.አ. በ1997 ሊወድቅ የደረሰው አፕል ከባላንጣው ከማይክሮሶፍት 150 ሚሊዮን ዶላርና አንድ የተስፋ ቃል ተቀበለ፤ ለአምስት ዓመት ኦፊስ ለማኪንቶሽ መሠራቱ ይቀጥላል የሚል። ከገንዘቡ ይልቅ ቃሉ ነበር ትልቁ፤ ሰው የጻፈውን ሰነድ የማይከፍት ኮምፒውተር ማን ይገዛል? ማይክሮሶፍት ያን ያደረገው ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት በሞኖፖል ጉዳይ በዓይነ ቁራኛ ሲያየው፣ ከአፕልም ጋር የፓተንት ክርክር ሲኖረው ነው። ከበሩ መከፈት በስተኋላ ሕግ ቆሞ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ለእኛ ቅርብ የሆነው ምሳሌ ግን የፊደላችን ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአሜሪካ የነበሩት እንደ ዶክተር አበራ ሞላና ፍስሐ አትላው ያሉ ኢትዮጵያውያን ግዕዝን በኮምፒውተር ማስጻፍ ቻሉ። በኋላ በአገር ቤትም በውጭም ብዙ ሶፍትዌር ተሠራ፤ ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ በየቢሮው የሚታወቁ ስሞች ሆኑ። ሁሉም ትልቅ ሥራ ነበር። ነገር ግን እያንዳንዱ ፊደሉን በራሱ ቁጥር አስቀመጠው። በዚያን ጊዜ አንድ ፎንት የሚይዘው 256 ቦታ ብቻ ስለነበር የእኛን ከ300 የሚበልጥ ፊደል ለሁለትና ለሦስት ፎንት መክፈል ግድ ነበር፤ አከፋፈሉን ሁሉም ለየራሱ ፈጠረው። በአንዱ ሶፍትዌር የተጻፈ ደብዳቤ ሌላው ባለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ፊደልና ምልክት የተዘበራረቀበት ገጽ ይሆናል። ወረዳው የጻፈውን ዞኑ አያነበውም፤ ጋዜጣው የተቀበለውን ጽሑፍ እንደገና ያስተይባል። «ፎንቱ የለንም» የሚለው መልስ የአንድ ዘመን የቢሮ ሠራተኞች ሁሉ የሰሙት ነው። ከአክሱም ዘመን ጀምሮ የሁሉ የነበረ ፊደል ስክሪን ላይ ሲወጣ የየኩባንያው ሆነ።

መፍትሔው የመጣው ኩባንያዎቹ አንዱ የሌላውን ለመደገፍ ተስማምተው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ሦስተኛው የዩኒኮድ ዕትም ለ345 የግዕዝ ፊደላትና ምልክቶች ለእያንዳንዳቸው አንድ ቋሚ ቁጥር ሰጠ፤ ቁጥሩ የማንም ኩባንያ አይደለም። ከዚያ በኋላም ነገሩ በአንድ ቀን አልተለወጠም። ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ቪስታን ከኒያላ ፎንት ጋር ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው፤ በአሮጌው ፎንት የተጻፈ ስንት ሰነድ ሳይገለበጥ እንደቀረ የሚያውቁት መዝገብ ቤቶቹ ናቸው። የእኛዎቹ ሶፍትዌሮች ግን ፊደሉ የጋራ ስለሆነ አልሞቱም። ፓወር ግዕዝ ዩኒኮድን ተቀብሎ መተየቢያ ሆኖ ቀጠለ። ፉክክሩ ፊደሉን ማን ይዞታል ከሚለው ወጥቶ፣ ማን በቀላሉ ያስጽፋል ወደሚለው ተዛወረ። ለጸሐፊው የሚጠቅመው ፉክክር ይህኛው ነው። ዛሬ ወግዲ ላይ ያለ ተማሪ አዲስ አበባ ላለ ጓደኛው በአማርኛ መልእክት ሲልክ ፊደሉ በምን ሶፍትዌር እንደተጻፈ አይጠይቅም።

በባንኮቻችንም ዘንድ ያው መንገድ ተኪዷል። ኤቲኤም ሲመጣ ንግድ ባንክ የራሱ፣ ዳሸን የራሱ ነበረው፤ አዋሽ፣ ንብና ኅብረት ባንክ ደግሞ በ2001 ዓ.ም. ፕሪሚየር ስዊች ሶሉሽንስ የሚባል የጋራ ድርጅት አቆሙ። ካርዱን ከማያውቀው ማሽን ፊት ለቆመ ሰው ሒሳቡ ውስጥ ያለው ብር እዚያ ቦታ ላይ ብር አልነበረም። ኢትስዊች የተባለው የባንኮቹ የጋራ ኩባንያ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የአንዱ ባንክ ካርድ በሌላው ማሽን ይሠራ ጀመር። የቁጥር ስሌቱም ቢሆን ወደ ጋራ ማእከል ይገፋል። ሠላሳ ድርጅቶች ሁለት ሁለት ሆነው እየተዋዋሉ ይገናኙ ቢባል 435 ውል፣ 435 የቴክኒክ መስመር ያስፈልጋል፤ ሁሉም ከአንድ ማእከል ጋር ቢገናኙ ግን ሠላሳ መስመር ይበቃል። በሁለትዮሽ ውል ደግሞ ትልቁ ማንን እንደሚያስቀድም፣ ማንን እንደሚያቆይ ይመርጣል። በማእከል በኩል ሲሆን ያ ምርጫ ከእጁ ይወጣል። እኔ የጋራ ማእከሉን የምደግፈው ለዚህ ነው፤ ቁጠባው ሁለተኛ ምክንያቴ ነው።

ይህን ሁሉ ከከተማ ዓይን ብቻ ካየነው ግን እንሳሳታለን። ከተማ ላይ መገናኘት ማለት መተግበሪያ ከፍቶ ኪውአር ኮድ መቃኘት ነው። ኤም-ፔሳ በይፋ በተጀመረበት በነሐሴ 2015፣ በሐምሌ መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር፤ በብዙው የክልሉ ክፍልም ለወራት ሳይመለስ ቆየ። በዚያ ወቅት ቴሌብር ለባላገሩ *127# ነበር፤ ያለ ኢንተርኔት፣ በተራ ስልክ፣ ቁጥር በመጫን የሚሠራው። አገልግሎቱ ካለ ያለው እዚያ ነው። ሁለቱ ቦርሳዎች በመተግበሪያ ብቻ ተገናኝተው በኮከቡና በመሰላሉ መንገድ ሳይገናኙ ቢቀሩ፣ ወግዲ ላሉት እናት በሩ እንደተዘጋ ነው። መግለጫው ላይ «ተገናኝተዋል» ተብሎ ሲነበብ የማን ስልክ ላይ እንደተገናኙ መጠየቅ የተቆጣጣሪው ሥራ ይመስለኛል። ዋጋውም እንዲሁ ነው፤ መሻገር ይቻላል ተብሎ የመሻገሪያው ክፍያ ግን በጥሬው ከማመላለስ ከበለጠ፣ በሩ የተከፈተው ለስሙ ነው።

እዚህ ላይ የመንግሥት ቦታ ያሳስበኛል። የትልቁ ድርጅት ባለቤት መንግሥት ነው፤ ብሔራዊ ባንኩም የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣኑም የመንግሥት ናቸው። ዳኛውም አንደኛው ተወዳዳሪም ከአንድ ቤት ሲሆኑ፣ ዳኛው ቅን ቢሆን እንኳ ተሸናፊው ቅንነቱን አያምንለትም። ለዚህ የማውቀው መድኃኒት ደንቡን አስቀድሞ በግልጽ መጻፍ ነው፤ ቦርሳ የሚያንቀሳቅስ ማንኛውም ድርጅት፣ የመንግሥትም ይሁን የውጭ፣ ከፈቃዱ ጋር የመገናኘት ግዴታውን በቀን ገደብ ይቀበል። በድምፁ ላይ የተደረገው ይህ ነው፤ አገሪቱ ማድረግ እንደምትችል አሳይታለች።

በሩ ሲከፈት ደግሞ ገና ብዙ ያልተነካ ነገር አለ። ልጁ ከኤም-ፔሳ ወደ እናቱ ቴሌብር አንድ ሺህ ብር ልኮ ከእሱ ተቀነሰ፤ እናቱ ዘንድ ግን አልደረሰም እንበል። እንዲህ ያለ ነገር በማንኛውም አገር የትኛውም ሥርዓት ላይ ይሆናል። እናቱ ወደ አንዱ ቢደውሉ «ከእኛ ጋር የገባ ነገር የለም» ይባላሉ፤ ልጁ ወደ ሌላው ቢደውል «ከእኛ ወጥቷል» ይባላል። ሁለቱም መልስ እውነት ነው። ብሩ ግን የለም፤ መካነ ሰላም ድረስ የሚኬድበት መሳፈሪያም ከኪስ ይወጣል። ስለዚህ የሚጻፈው ደንብ የመጀመሪያው አንቀጽ ስለ ትርፍ ክፍፍል ከሚሆን ይልቅ ስለዚህ ቢሆን እመርጣለሁ፤ ብሩ ከቦርሳው የተቀነሰበት ድርጅት ብሩ እስኪደርስ ወይም እስኪመለስ ተጠያቂ ይሁን፣ የሚመልስበት ቀን በቁጥር ይጻፍ፣ አቤቱታውም ደንበኛው በሚናገረው ቋንቋ በስልክ ይሰማ። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ድርጅቶች ጥፋቱ የማን እንደሆነ እርስ በርሳቸው ይከራከሩ።